ከቋጠሮው የተረፈው ገመድ

ባለፈው ሳምንት በቦዳቦዳ ሞተር ተሳፍሬ በጁባ ኮሎሎ መንገድ ሳልፍ፣ አንድ አዲስ ምግብ ቤት በር ላይ መኪና የጣራ ሣር ሲያራግፍ ደረስኩ። ዘንቦበት ኖሯል፣ እርጥብ ነው። ሽታው አፍንጫዬን መታው። ሌላው ሰው የሣር ሽታ ሲሸተው ገጠር ይታወሰው ይሆናል፤ እኔን የሚያስታውሰኝ ጥፋቴን ነው። ሾፌሩን «ዋጊፍ፣ ዋጊፍ» ብዬ አስቁሜ ወረድኩ። ሠራተኞቹ ለጉትያው፣ ክቡን የሣር ቤት ማለቴ ነው፣ መሠረት እያሰመሩ ነበር። አንዱ መሃል ላይ የብረት ሜትር ጫፍ ይዞ ቆሟል፣ ሌላው እየዞረ ኖራ ይበትናል። ሁለቱም መሬቱን አላዩም፤ ዓይናቸው ቁጥሩ ላይ ነው። ልጅ ሳለሁ ክፍላችንን የሠሩልን ሽማግሌ፣ ጅዱ ዋኒ፣ ቢኖሩ ምን ይሉ እንደነበር አውቃለሁ። ምንም አይሉም፤ ምራቃቸውን እንትፍ ብለው ይሄዳሉ።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ከኢትዮጵያ የመጣው አባቴ ሀይ ማላካል የሚባል የጁባ ሰፈር ውስጥ ሩዝ፣ ዘይትና ሳሙና በጅምላ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው፤ እኛም ከሱቁ ጀርባ እንኖር ነበር። ትምህርት ቤቴ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሁለት የቆርቆሮ ክፍሎችና አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ነበረው፤ ዛፉ የእኛ የአምስተኛ ክፍል ነው። በበጋ ከሦስቱም የተሻለው ክፍል እሱ ነበር። ዝናብ የመጣ ቀን ግን ደብተራችንን ከሸሚዛችን ሥር ሸጉጠን ወደየቤታችን እንበተናለን።

ሒሳብ የሚያስተምረን ቲቸር ጋትዌች ጋምቤላ ያደገ ኑዌር ነው። አማርኛው ከእኔ ይሻል ነበር። ክፍሉ ውስጥ አማርኛ የምንሰማ እኔና እሱ ብቻ ስለነበርን የሆዱን የሚያወጣው ለእኔ ነው። ለተማሪው በእንግሊዝኛ «ቬሪ ጉድ» ይልና ፊቱን ወደ እኔ መልሶ «ሀያት፣ ዛሬም አንዳቸውም አልገባቸውም፤ አንቺም ጭምር» ይለኛል። እውነቱን ነበር። ስለ ክብ ባስተማረን ሰሞን ጥቁር በተቀባ ኮምፔንሳቶ ላይ ራዲየስ፣ ዳያሜትር እያለ ሲሥል ከርሞ ፈተና ሰጠን፤ ክፍሉ በሙሉ ወደቀ። በዚያው ሰሞን ወላጆች ለእኛ ክፍል ቆርቆሮ ፈልገው አጡ። ቲቸር ጋትዌችም ተነሥቶ «ክፍሉን ጅዱ ዋኒ ይሥሩልን፤ ሒሳቡንም አብረው ያስተምሩልኝ» አለ። አባቴ ሲሰማ «እኔ ትምህርት ቤት የላኩሽ ጭቃ እንድታቦኪ ነው?» አለኝ።

ጅዱ ዋኒ የጓደኛዬ የፖኒ አያት ናቸው። ከባሪ ጎሳ ናቸው፤ የጁባ አገር የእነሱ ነው። ጅዱ በጁባ ዐረብኛ አያቴ እንደማለት ስለሆነ ሁላችንም ጅዱ እንላቸው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቁጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ ነጭ ነገር ጋርዷል። ሥራ በጀመሩበት ቀን ልጃቸው ጃዳ መጣ። ጃዳ አትላባራ አካባቢ በብሎኬት ቤት የሚሠራ ግንበኛ ነው፤ ሱሪው ላይ የደረቀ ሲሚንቶ አይጠፋም። ከሞተሩ ሳይወርድ፣ እኛ ሁላችን እየሰማን ተናገራቸው።

«ያ ባባ፣ ዓይንህ አያይም። ልጆች ላይ ቤት ቢወድቅ ማን ሊጠየቅ ነው?»

«ቤት በዓይን ነው የሚሠራው ያለህ ማነው?» አሉት።

«እሺ፣ ይህኛው ይሁን። ጣራው ልክ ካልመጣ ግን ከላስ። የመለኪያ ገመድህን ለእኔ ትሰጠኛለህ፣ አንተም ቤት ትቀመጣለህ።»

ሽማግሌው «ከላስ» አሉ እሳቸውም። ያለቀለት ነገር ነው ማለት ነው። እኔና ፖኒ ተያየን። እሳቸው ቤት ቁጭ ብለው ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚያደርጉ ለማሰብ ሞከርኩ፤ ምንም አልመጣልኝም።

ገመዳቸው ከዛፍ ልጥ የተገመደ፣ ከእጅ ወዝ ብዛት የጠቆረ ነበር። በአንዱ ጫፍ መሃል ላይ የሚተከለው ችካል የሚገባበት ቀለበት አለው። በሌላው ጫፍ መሬት ለሚጭረው እንጨት የሚሆን ሁለተኛ ቀለበት አለ፤ ወደዚህኛው ጫፍ ቀረብ ብሎም አንድ ወፍራም ቋጠሮ። ገመዱን ከፍ አድርገው «ቤቱ ያለው እዚህ ውስጥ ነው» አሉን። እኔ ቃል በቃል አመንኩ። አንዲት ትንሽ ቤት ከነበርዋና ከነጣራዋ ገመዱ ውስጥ ተጠቅልላ የምትኖር መሰለኝ። ለፖኒ ስነግራት እስኪያማት ሳቀችብኝ።

በጫፉ ቀለበት ዞረው ትልቁን ክብ ጫሩ። ቀጥለው ቋጠሮውን ጨበጡና፣ የተረፈውን ገመድ ከመዳፋቸው ሥር እንደ ጅራት አንጠልጥለው ትንሹን ክብ ጫሩ። በትንሹ ላይ ግድግዳው ይቆማል። በትልቁ ላይ እኛ ተማሪዎቹ የውሃ መውረጃ ቦይ ቆፈርን። ቦዩ ለምን ከግድግዳው ርቆ እንደሚቆፈር አልጠየቅኩም። ልጅ ጠያቂ ነው ይባላል፤ እኔ ግን የማይጠየቀውን ስጠይቅ የሚጠየቀውን የማልፍ ልጅ ነበርኩ።

ከዚያ ከችካሉ እስከ ቋጠሮው ያለውን ገመድ ወጠሩና በትንሹ ክብ ላይ ከምልክት ወደ ምልክት መሻገር ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን አብረን ቆጠርን። ስድስተኛው ልክ መነሻው ላይ ገጠመ። ስድስቱ ምልክቶች ላይ ስድስቱ ዋና ምሰሶዎች ይቆማሉ። ቲቸር ጋትዌች እጁን ራሱ ላይ ጭኖ «ሀያት፣ አየሽ? ይህን ነገር እኔ ኮሌጅ ስማር ሁለት ሳምንት ነው የፈጀብኝ!» አለኝ በአማርኛ። ጅዱ ዋኒ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። ስተረጉምላቸው «ኮሌጁ ምሰሶ አልነበረውም?» አሉ።

ቲቸር በዚህ አልበቃውም። ያንኑ ገመድ አሁን በጭረቱ ላይ እያጎበጥን እንድናስኬደው አዘዘን። ስድስት ጊዜ ሄደ፤ ግን አልዘጋም፣ ትንሽ ክፍተት ተረፈ። «ይህች ትርፍ ምንድን ናት?» አልነው። «እሷ ማለቂያ የላትም፤ ለዛሬ ተዋት» አለን። ያቺ አነጋገር ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። የተረፈ ነገር ይተዋል ማለት ነው ብዬ ያዝኩ።

ለጭቃው ውሃ ማምጣት የተማሪው ሥራ ነበር። ጠዋት ጠዋት እያንዳንዳችን ከቤት አንድ ጄሪካን ይዘን እንመጣለን። የእኔ እጀታው ተሰብሮ ስለነበር አቅፌው ነው የምሄደው፤ ትምህርት ቤት ስደርስ ዩኒፎርሜ ከደረቴ እስከ ጉልበቴ ርሷል። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ የምትማሪው ወንዝ ውስጥ ነው እንዴ?» እያለች ትቆጣኛለች። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ገመዱ ኒሙ ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት። ቦዩ ተቆፍሯል፣ ግድግዳው ቆሟል። ከቋጠሮው ያለፈችው ጅራት በእኔ ስሌት ትርፍ ናት። እርሳስ በምቀርጽበት ምላጭ አንድ ክንድ ያህል ቆረጥኩ። ጫፉን መልሼ እንደነበረው ቀለበት አድርጌ አሰርኩት። አሳምሬ ነበር ያሰርኩት፤ ኮርቼም ነበር። የቆረጥኩትን ለጄሪካኔ እጀታ አደረግኩት።

በማግስቱ ጅዱ ዋኒ ግቢው ዳር ላይ የጣራውን ክብ አሰመሩ። የእነሱ ጣራ መሬት ላይ ተሠርቶ፣ ቀርከሃው ታስሮ፣ ሣሩ ለብሶ ካለቀ በኋላ ነው በሰው ጉልበት ተነሥቶ ግድግዳው ላይ የሚቀመጠው። ችካል ተከሉ፣ የጫፉን ቀለበት ይዘው ዞሩ። እኔ በአዲሱ እጀታ ጄሪካኔን አንጠልጥዬ፣ ደረቅ ዩኒፎርም ለብሼ ቆሜ አየኋቸው። ምንም አልመሰለኝም።

የተገለጠልኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ቲቸር ጋትዌች በጣራው አጽም ዙሪያ አቁሞን «ጣራው ከግድግዳው የሰፋው ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጅዱ ዋኒ ከመሬት አንድ የደረቀ የጭቃ ጓል አንሥተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡና ፖኒን ውሃ አፍስሺበት አሏት። ጓሉ ፈርሶ በጣቶቻቸው መሃል ወረደ።

«ግድግዳ ይኼ ነው» አሉን። «ዝናብ ከነካው ወደ መሬት ይመለሳል። ስለዚህ ጣራው ከግድግዳው አልፎ ይሄዳል፣ ውሃውም ከክፍክፉ ቀጥ ብሎ ቦዩ ውስጥ ይወርዳል። ከቋጠሮው ያለፈው ገመድ የዚያ ልክ ነው። ግድግዳውን የሚያኖረው እሱ ነው።»

ጄሪካኑን ከጀርባዬ ደበቅኩት። ትምህርቱ ሳያልቅ ሆዴን አመመኝ ብዬ ወጣሁና ሽንት ቤት ገብቼ፣ እጀታውን በዚያው ምላጭ ቆርጬ ጉድጓዱ ውስጥ ጣልኩት። ማስረጃ ማጥፋት የሚባል ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር፤ ሥራውን ግን ማንም ሳያስተምረኝ ሠራሁት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ክፉ ነበሩ። በየቀኑ ሣር ይመጣል፣ በየቀኑ ጣራው ይለብሳል፣ በየቀኑም ማስተካከሉ እየከበደ ይሄዳል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ እኔ ቅጠሉን ይዤ እሳቱን ቆሜ አያለሁ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር ልቤ ይደልቃል። እናቴ እህል ስላስጠላኝ ወባ ነው ብላ ግንባሬን ስትዳስስ ትውላለች። ከሁሉም የከፋው ግን ጅዱ ዋኒ ጥሩ ስሜት ላይ መሆናቸው ነበር። የእኔን ስም እንኳን ለይተው መጥራት ጀምረው ነበር። እያስተረጎምኩላቸው ከቲቸር ጋር ስለ ክብና ስለ ማዕዘን ይከራከራሉ፣ ይስቃሉም።

አንድ ቀን ቆርጬ ከፖኒ ጋር ቤታቸው ሄድኩ። በር ላይ ተቀምጠው ለውዝ እየፈለፈሉ ነበር። እፍኝ ሙሉ ሰጡኝ።

«ጅዱ» አልኳቸው።

«ምንድን ነው፣ ያ ቢኒያ?» አሉኝ፤ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው።

አፌን ስከፍት የጃዳ ሞተር ደረሰ። ጃዳ ሰላም እንኳ ሳይለን ለአባቱ ነገራቸው፤ ከወዲያኛው መንደር ሰዎች መጥተው ሁለት ጉትያ ይሥሩልን ብለዋል፣ እሱ ግን የትምህርት ቤቱ ጣራ እስኪወጣ ጠብቁ ብሏቸዋል። «ልክ ከመጣ ራሴ ወስጄህ አሠራሃለሁ» አላቸው። የጅዱ ዋኒ ፊት በራ። እኔ ለውዜን ጨብጬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሁሉንም በላሁት፤ ምን ምን እንዳለኝ አላስታውስም።

ጣራው የሚነሳው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። የሰፈሩ ወንዶች ሁሉ መጡ። አባቴም ሱቁን ለእናቴ ትቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ መጣ። እሱን ሳየው ከፖኒ ጀርባ ተሸሸግኩ። ጅዱ ዋኒ መሃል ቆመው ይጣራሉ፣ ሰዎቹ ይቀበላሉ፤ ያ ሁሉ ሣር ከመሬት ተነቅሎ በሰው እግር መራመድ ጀመረ። ግድግዳው ጋ ሲደርስ በባላ እንጨት እየደገፉ ገፉት። ወጣ፤ ተቀመጠ። ሴቶች እልል አሉ።

እልልታው ቶሎ ሞተ። ከክፍክፉ እስከ ግድግዳው ያለው ርቀት አንድ መዳፍ አይሞላም። ቦዩ ከወዲያ ሩቅ ላይ ብቻውን ቀርቷል። ጃዳ እጁን ዘርግቶ ለካና መልሶ አወረደው። የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀም።

«ከላስ፣ ያ ባባ» አላቸው ቀስ ብሎ።

ጅዱ ዋኒ አንድ እጃቸውን ወደ ክፍክፉ፣ ሌላውን ወደ ግድግዳው አድርገው ቤቱን አንድ ዙር ሙሉ ዞሩት። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። መነሻቸው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «እኔ ነኝ የሳትኩት» አሉ። ገመዱን ከዛፉ አውርደው ለጃዳ ሊሰጡ እየጠቀለሉ መጡ።

«ጅዱ አይደሉም!» ብዬ ጮህኩ። «ገመዱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ!»

አባቴ «ዝም በይ አንቺ!» አለ። ቲቸር ጋትዌች ዞሮ አየኝ። ጃዳ ግን ጎንበስ ብሎ እንደ ሕፃን አናገረኝ፤ «ልብሽ ጥሩ ነው። ስለምትወጃቸው ነው እንዲህ የምትዪው። እስቲ የቆረጥሽውን አሳዪኝ።»

«ሽንት ቤት ጣልኩት።»

ሰዉ ሳቀ። ያንን ያህል ቀን የፈራሁት እንዳይታወቅብኝ ነበር። አሁን ተናዝዤ የሚያምነኝ ሳጣ፣ ከፍርሃቱ የባሰ ነገር እንዳለ አወቅኩ። ጅዱ ዋኒ ራሳቸው «ተዪው፣ ያ ቢኒያ» አሉኝ። አለማመናቸው አንጀቴን አቃጠለው።

ገመዱን ከእጃቸው ነጥቄ ወደ ውስጥ ሮጥኩ። መሃል ላይ የመጀመሪያው ቀን ችካል ሳይነቀል ቆሞ ነበር። ቀለበቱን አገባሁበትና ገመዱን እየዘረጋሁ በበሩ ወጣሁ። ቋጠሮው ልክ የግድግዳው መስመር ላይ መጣ። እየጎተትኩ ወደ ቦዩ ሄድኩ፤ ገመዱ ተወጠረ፣ አለቀም። ከጫፉ እስከ ቦዩ ባዶ መሬት ነው።

«ቦዩን የቆፈርነው በዚህ ገመድ ነው!» አልኩ። «ያኔ ይደርስ ነበር፣ አሁን አይደርስም!»

ቲቸር ጋትዌች መጥቶ ተንበረከከና ክንዱን በባዶው ቦታ ላይ አጋደመ። ክርኑ ገመዱ ጋ፣ ጣቶቹ ቦዩ ጋ ነበሩ። ሳይነሣ በአማርኛ «ይህ ፈተና ቢሆን ሙሉ ታገኚ ነበር» አለኝ። «ምነው ግን፣ ሀያት፣ ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ?»

ጃዳ ገመዱን ተቀበለኝ። የእኔን ቀለበት በጣቱ ፈተሸ፣ ቀጥሎ የአባቱን፤ ልዩነቱ ገባው። «ልኬቱ ትክክል ነበር» አለ ጮክ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። እፎይ ልል ነበር። እሱ ግን ወደ አባቱ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ።

«አንድ ሙሉ ክንድ ነው፣ ያ ባባ። ድሮ ብትሆን ገና ሁለት እርምጃ ሳትሄድ እግርህ ይነግርህ ነበር።»

ጅዱ ዋኒ ነጭ ዓይኖቻቸውን ወደ እሱ አደረጉ። «ይነግረኝ ነበር» አሉ።

ያኔ ነው ያለቀስኩት። አድናቸዋለሁ ብዬ ስሮጥ፣ ማንም ያላየውን የእሳቸውን መድከም አውጥቼ ገበያ መሃል አሰጣሁት። አባቴ ሊቆጣኝ መጥቶ ፊቴን ሲያይ ተወው፤ እጄን ይዞ ወሰደኝ።

ጣራውን ከፍ አድርገው ቀርከሃዎቹን አንድ በአንድ ቀጠሏቸው። ሦስት ቀን ፈጀ። ጅዱ ዋኒ ከታች ይናገራሉ፣ ጃዳ ከላይ ያስራል። ጃዳ ገመዱን አልወስድም ብሎ ነበር፤ እሳቸው ናቸው በግድ የሰጡት። እኔ በእነዚያ ሦስት ቀናት ጠዋትና ከሰዓት ውሃ አመላለስኩ። አንድም ቃል አላናገሩኝም። አባቴ ይቅርታ ለመጠየቅ ከሱቁ አንድ ጥቅል የናይለን ገመድ ይዞላቸው ሄደ። አመስግነው ተቀበሉና ፍየሎቻቸውን አሰሩበት።

ትልቁ ዝናብ የመጣው በሚቀጥለው ሳምንት፣ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። ጅዱ ዋኒ ደመናውን ሰምተው ነው መሰለኝ ቀድመው መጥተው፣ ከክፍክፉ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቲቸር ትምህርቱን አቆመ፤ ሁላችንም በር ላይ ተደራርበን አየን። ውሃው ከሣሩ ጫፍ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ቦዩ ውስጥ ይወርዳል። ልጆቹ አጨበጨቡ።

«ያ ቢኒያ» አሉ ጅዱ ዋኒ። ፖኒን መስሎኝ ዝም አልኩ። «ሀያት» አሉ።

ሄድኩ።

«ግድግዳው ረጥቧል?»

ከላይ እስከ ታች ዳሰስኩት። «ደረቅ ነው፣ ጅዱ።»

«ከሥሩም?»

ጎንበስ ብዬ እንደገና ዳሰስኩ። «ከሥሩም ደረቅ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን ዘረጉና፣ እኔ የዳሰስኩትን ቦታ ራሳቸው ከላይ እስከ ሥሩ ድረስ ዳሰሱት።

«ደረቅ ነው» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለፖኒ።